በስፍር ወይስ በሚዛን? ስለ ጠመቃ ጋዝ ጥራት መለኪያዎች ታሪክና ትርጕም

ከዓመታት በፊት ለአንድ ቢራ ፋብሪካ የተዘጋጀ የሥራ መመሪያ ወደ አማርኛ ስንመልስ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ጥራት የሚወስነውን ዐረፍተ ነገር «ኦክሲጅን፣ ከሚሊዮን 30» ብለን አለፍነው። ቃላቱ ስሕተት አልነበረባቸውም። ይሁን እንጂ ከፋብሪካው ባለሙያዎች አንዱ «ከሚሊዮን ምኑ?» ሲሉ በጠየቁን ጊዜ የምንመልሰው አጣን። መልሱን ያገኘነው የመለኪያውን ታሪክ ከመረመርን በኋላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመው ጥናት ይህን ጋዝ «የታሰረ አየር» ብሎ ሰይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1767 ደግሞ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ከአንድ ቢራ መጥመቂያ ጎረቤት ሆኖ ተቀመጠ፤ ከሚፈላው ጥንስስ በላይ ተኝቶ የሻማ መብራት የሚያጠፋውን አየር መረመረ፤ ውሃን በዚሁ አየር ማርካት እንደሚቻልም እ.ኤ.አ. በ1772 ጽፎ አሳወቀ። ጋዙ በጠመቃ ኢንዱስትሪ ዘንድ ተሰብስቦ የሚቀመጥ ሀብት የሆነው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 የደብሊኑ ጊነስ ፋብሪካ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ መሣሪያ እንዲሠራለት ጀርመናዊውን ካርል ሊንደን አዘዘ።

የሚሰበሰብ ነገር ደግሞ ጥራቱ መለካት አለበት። የቆየው ዘዴ ቀላል ነው፤ 100 ሚሊ ሊትር ጋዝ በኮስቲክ ሶዳ ሙሙት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ሙሙቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይውጠዋል፤ ሳይዋጥ የቀረው በመስታወቱ ቱቦ ላይ ይነበባል። ቅሪቱ 0.1 ሚሊ ሊትር ከሆነ ጥራቱ 99.9 ከመቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተለካው ከመነሻው ስፍር እንጂ ክብደት አለመሆኑን ነው። አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 እንዳመለከተው፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ስፍር እኩል ቍጥር ያላቸውን ሞለኪዩሎች ይይዛሉና፣ በጋዝ ዘንድ መስፈር መቍጠር ማለት ነው።

ከመቶ የሚቈጠረው መለኪያ ግን የቅሪቱን ዓይነት አይናገርም። 0.1 ከመቶ ማለት 1,000 ከሚሊዮን ነው፤ ቅሪቱ በሙሉ ተራ አየር ቢሆን ከዚህ ውስጥ 210 ያህሉ ኦክሲጅን ይሆናል። ኦክሲጅን የቢራን ጣዕም ስለሚያበላሽ ለብቻው ሊለካ ግድ ሆነ። በዚህም ምክንያት የዓለም አቀፍ የመጠጥ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያ ጥራቱን ቢያንስ 99.9 ከመቶ፣ ኦክሲጅኑን ግን ቢበዛ ከሚሊዮን 30 ብሎ ይወስናል፤ ሁለቱም በስፍር ናቸው። (ከመቶ ወደ ከሚሊዮን የምንሻገርበት ብዜት 10,000 ነው፤ አባቶቻችን «እልፍ» ያሉት ራሱ!)

ችግሩ የሚነሣው ጋዙ ቢራው ውስጥ ሲገባ ነው። በፈሳሽ ዘንድ ያው «ከሚሊዮን» የሚለው አነጋገር በሚዛን ይነገራል፤ አንድ ሊትር ቢራ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ከሚሊዮን አንድ ይባላል። የኦክሲጅን ሞለኪዩል 32፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ስለሚመዝኑ፣ በስፍር 30 የሆነው በሚዛን 22 ያህል ብቻ ነው። በአንድ ሊትር ቢራ ላይ 2 ግራም ጋዝ ቢጨመር፣ የሚገባው ኦክሲጅን 44 ማይክሮ ግራም ያህል ይሆናል። የእኛን ትርጕም ይዞ ቍጥሩን በሚዛን የተረዳ ሰው ግን 60 ያገኛል። ብዙ ጠማቂዎች ከ50 በታች ስለሚሹ፣ በእኛ ዝምታ ደኅናው ጋዝ እንደ ብልሹ ሊመለስ ይችል ነበር።

የሚያስቈጨው፣ አማርኛ ለዚህ ልዩነት ቃል ያላጣ መሆኑ ነው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ቡና በሚዛን ይመዘናል፤ ገበያተኛ ሁለቱን አያደባልቅም። ስለዚህ «በስፍር ከሚሊዮን» እና «በሚዛን ከሚሊዮን» የሚሉትን እናቀርባለን። የመማሪያ መጻሕፍት «ይዘት» እና «መጠነ ቁስ» የሚሏቸው ቃላት ለፊዚክስ የተስማሙ ቢሆኑም፣ «በይዘት» የሚለው በዛሬ አነጋገር ቁም ነገርን እንጂ ስፍርን አያሳስብም።

«ጋዝ» የሚለውም ቢሆን በብዙ ቤት የፋኖስ ነዳጅ ማለት ስለሆነ፣ በመመሪያው ውስጥ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» እያልን በስሙ ጠርተነዋል። «ጥራት» ግን አሁንም ያከራክረናል። ዱሮ የጠራውን፣ ያልደፈረሰውን ይገልጽ የነበረው ቃል ዛሬ የማናቸውም ሸቀጥ ደረጃ መጠሪያ ሆኗል። «ንጽሕና» ወደ ጤና አጠባበቅ ያደላል፤ «ንጥረት» ከንጥር ቅቤ ጋር ዘመድ ስለሆነ ይጥመናል፤ ነገር ግን ስናነበው የሰሙን የፋብሪካ ሰዎች ፈገግ ከማለት አልተቈጠቡም። መመሪያው ሲታረም «ጥራት፣ በስፍር ቢያንስ 99.9 ከመቶ፤ ኦክሲጅን፣ በስፍር ቢበዛ ከሚሊዮን 30» ተብሎ ተጻፈ።