ማን ይክፈል? ማንስ ያክም? የሳስካችዋን 23 ቀናት

ጁላይ 1 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) በካናዳ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር አብዛኞቹ ሐኪሞች ክሊኒኮቻቸውን ዘጉ። ምክንያታቸው የገቢ ማነስ አልነበረም። የተቃወሙት በዚያው ዕለት ሥራ ላይ የዋለውንና መላውን ነዋሪ በመንግሥት የሕክምና መድን ሥር ያስገባውን ሕግ ነበር። በጥቂት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕክምና ብቻ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ወላጆቹ ሐኪም ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ሲሄዱ አንድ ሕፃን ሞተ።

ሕጉ በአንድ ጀምበር የተወለደ አልነበረም። ሳስካችዋን ሰፊ የስንዴ አገር ናት፤ ሕዝቧ ተራርቆ ስለሚኖር ሐኪም አይረጋባትም ነበር። ስለዚህም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ አንዳንድ የገጠር ወረዳዎች ከግብር ገንዘብ ለሐኪም ደመወዝ መክፈል ጀመሩ። የ1930ዎቹ ድርቅና የኢኮኖሚ ድቀት ገበሬውን ባራቆተ ጊዜ ይህ ልማድ ሰፋ። በ1944 የክፍለ ሀገሩን መንግሥት የመሩት ቶሚ ዳግላስ በልጅነታቸው እግራቸውን ከመቆረጥ ያዳናቸው አንድ ሐኪም ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆን በነፃ ስላከማቸው ነበር። የልጅ እግር በዕድል መዳን የለበትም የሚለው እምነት አብሯቸው አደገ። በ1947 የሆስፒታል መድንን ለሁሉም ነዋሪ አዳረሱ፤ የሐኪም ክፍያን የሚሸፍነው ሕግ ግን እስከ 1961 መጨረሻ ቆየ። ዳግላስ በዚያው ዓመት ወደ ፌደራል ፖለቲካ ስለ ተሻገሩ፣ ሸክሙ በተተኪያቸው በውድሮው ሎይድ ትከሻ ላይ ወደቀ።

የሐኪሞቹ ሙግት ከንቱ አልነበረም። ከእነርሱ መካከል የብሪታንያን የመንግሥት ሕክምና ሸሽተው የመጡ ነበሩበት። ከፋዩ መንግሥት ብቻ ከሆነ ነገ አዛዡም እርሱ ይሆናል፤ የሕሙማን ምስጢርም በቢሮ ሠራተኛ እጅ ይገባል ብለው ሰጉ። አማራጭም አቀረቡ፦ መድኑ በፈቃደኝነት ይሁን፣ መንግሥት መክፈል የማይችለውን ድሃ ብቻ ይደጉም። መንግሥት በበኩሉ ድሃ መሆኑን አስመስክሮ የሚታከም ሰው መብት አላገኘም፤ ምጽዋት ተቀበለ እንጂ ሲል መለሰ። ጤነኛውና ባለጸጋው ከወጡበት ደግሞ የታመመውና የድሃው መድን ራሱን አይችልም።

ትግሉ መረረ። መንግሥት ከብሪታንያና ከሌሎች ቦታዎች ሐኪሞችን አስመጣ፤ ነዋሪዎችም ገንዘብ አዋጥተው የማኅበረሰብ ክሊኒኮችን ከፈቱ። የሐኪሞቹ ደጋፊዎች ጁላይ 11 ቀን በሬጂና ሰልፍ ጠሩ፤ የመጣው ሰው ግን አዘጋጆቹ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ሆነ። በመጨረሻም ብሪታንያዊው ሐኪምና የፓርላማ አባል ሎርድ ስቴፈን ቴይለር በሁለቱ መካከል ተመላልሰው ጁላይ 23 ቀን የሳስካቱን ስምምነት ተፈረመ።

የታሪኩ ቁም ነገር በዚህ ስምምነት ውስጥ ነው። መንግሥት ሁሉን አቀፍ የሆነውን የመድን ፈንድ አጸና። ሐኪሞቹም የመንግሥት ደመወዝተኛ ሳይሆኑ፣ በየአገልግሎቱ እየተከፈላቸው የግል ሙያተኛ ሆነው ቀሩ፤ የፈለገም ከመድኑ ውጭ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ስለዚህ የካናዳን ሥርዓት «የመንግሥት ሕክምና» ብሎ መጥራት ግማሽ እውነት ነው። ከፋዩ መንግሥት ነው፤ አካሚው በአመዛኙ አይደለም። በብሪታንያ ከ1948 ጀምሮ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው የመንግሥት ሆነዋል። «መንግሥት ወይስ ግል?» የሚለው ሙግት ብዙ ጊዜ የማይቋጨው ሦስት ጥያቄዎችን በአንድ ከረጢት ስለሚከት ነው፦ ማን ይክፈል? ተቋሙ የማን ይሁን? ስለ ሕክምናው የሚወስነው ማን ነው?

የሎይድ ፓርቲ በ1964 ምርጫ ተሸነፈ፤ አሸናፊዎቹ ግን መድኑን ለማፍረስ አልደፈሩም። በ1966 የፌደራሉ ፓርላማ ሐሳቡን ለአገሪቱ በሙሉ ወሰደው፤ በ1984 የወጣው ሕግ ደግሞ ሐኪሞች ከሕሙማን ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀበሉ የሚፈቅዱ ክፍለ ሀገሮችን በገንዘብ ቅጣት ገታ። ስምምነቱ ዋጋም አስከፍሏል። ሽፋኑ በሆስፒታልና በሐኪም ዙሪያ ስለ ተተከለ የመድኃኒትና የጥርስ ሕክምና ለአሥርት ዓመታት ከዳር ቀሩ። ለቀጠሮ ረጅም ወረፋ መጠበቅም እስካሁን የካናዳውያን ምሬት ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሳስካችዋን ገበሬዎች የጠየቁትን የመጀመሪያ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የአንዱን ሕመም ሁሉም በጋራ ይሸከመው ወይ? መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ግን በጤና ጣቢያው መድኃኒት ጠፍቶ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሲላክ፣ ከፋዩ ማን እንደሆነ መወሰኑ ብቻውን እንደማይበቃ ይረዳል። ሳስካችዋን በ23 ቀናት የቋጨችው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነበር። ገንዘቡ አንድ ላይ ከተሰበሰበ በኋላ ሕክምናው በእርግጥ መኖሩን ማን ይጠየቅበታል የሚለው ግን በሁለቱም አገር ገና መልስ ይሻል።