የጃፓን የአንጎል ብግነትና የገበሬ ልጆች

በእስያ ገጠር ሕፃናትን ከሚያጠቁት የቫይረስ በሽታዎች አንዱ «የጃፓን የአንጎል ብግነት» የሚባለው ነው። ይህ አጭር ጥናት አንድ ጥያቄ ያነሣል። የበሽታው ክትባት በጃፓን አገር በ1954 ተፈቅዶ ሳለ፣ ከ51 ዓመት በኋላ የሰሜን ሕንድ ልጆች ስለምን በብዛት ሞቱ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታው በጃፓን ከ1870ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ይሁን እንጂ የሐኪሞችን ዓይን አጥብቆ የሳበው በ1924 ከ6,000 በላይ ሰዎች ታመው ከግማሽ የሚበልጡት በሞቱ ጊዜ ነው። ፎን ኤኮኖሞ በ1917 ከገለጸው የእንቅልፍ ብግነት ለመለየት «ሁለተኛው ዓይነት» አሉት። በ1935 ቫይረሱ ከሟች አንጎል ተለይቶ ወጣ፤ በ1938 ደግሞ በትንኝ ውስጥ ተገኘ።

ትንኟ የምትራባው ውሃ በተኛበት የሩዝ ማሳ ሲሆን፣ የምትናደፈውም ከምሽት ጀምሮ ነው። ቫይረሱን ከውሃ ወፎችና ከአሳማዎች ትወስዳለች። አሳማ ሳይታመም ቫይረሱን በደሙ ያበዛዋል፤ በሰው ደም ውስጥ ግን መጠኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ከሰው ወደ ትንኝ ተመልሶ አይሄድም። እንግዲህ ማሳውና የአሳማው በረት ከቤት አጠገብ በሆኑበት ስፍራ ሁሉ አደጋው ቅርብ ነው። በሽታው በቆየበት አገር ዐዋቂዎች በልጅነታቸው ሳይታወቃቸው ተይዘው የመከላከል ኃይል ስላገኙ፣ የሚታመሙት በይበልጥ ልጆች ናቸው። በቫይረሱ ከተያዙት 250 ሰዎች ምናልባት አንዱ ብቻ በጽኑ ይታመማል፤ በጽኑ ከታመሙት ግን እስከ 30 በመቶ ይሞታሉ። ከተረፉትም ብዙዎቹ ሽባነት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ጉዳት ይቀርባቸዋል። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ ያለው ኃይል በመከላከል ላይ ነው።

የ1954ቱ ክትባት የሚሠራው ቫይረሱን በአይጥ አንጎል አሳድጎ በመግደል ነበር። ጃፓን ልጆቿን በሰፊው አስከተበች፤ የአሳማ እርባታውም ከመኖሪያ ቤት እየራቀ ሄደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ1,000 በላይ የነበሩት ሕሙማን ከ1990ዎቹ በኋላ ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። ነገር ግን ይህ ክትባት ደጋግሞ መውጋትን የሚጠይቅና ዋጋው የከበደ ስለ ነበረ ለድኻ አገሮች አልተመቸም።

በሕንድ አገር በሽታው በ1955 በቬሎር ታወቀ፤ በጎራክፑር አውራጃም ከ1978 ጀምሮ ይመላለስ ነበር። በ2005 በአካባቢው ከ5,000 በላይ ሰዎች በአንጎል ብግነት ታመው ከ1,300 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ። ቻይና ግን ቫይረሱን አድክማ የሠራችውን፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኘውን ክትባት በ1988 ፈቅዳ ትጠቀምበት ነበር። ሕንድ ይህንኑ አስመጥታ በ2006 ከ9 ሚሊዮን በላይ ልጆችን አስከተበች። መድኃኒቱ ከጎረቤት አገር 18 ዓመት ቆይቶ መድረሱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ከክትባቱም በኋላ በጎራክፑር የአንጎል ብግነት ፈጽሞ አልጠፋም። ቆየት ብሎ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ የተያዙት በቫይረሱ ሳይሆን፣ በጢሻ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች በሚያስተላልፉት ባክቴሪያ ነበር። ይህኛው በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ሕመሙን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ሊድን የሚችለውን ልጅ ያስቀራል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ የበሽታው ምስጢር በ1938 ቢገለጥና ክትባቱ በ1954 ቢገኝም፣ የገበሬውን ልጅ ያዳነው ግኝቱ ብቻ አለመሆኑን ነው። ክትባቱ በሚችለው ዋጋ ከመንደሩ ሲደርስ፣ ምርመራውም በዚያው በመንደሩ ሲቀጥል ነው ዕውቀት ሥራውን የሚፈጽመው።