መሪው በማን እጅ ነው? ከጣና ደንገል እስከ ጥቁሩ ስክሪን

እሁድ ከሰዓት ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች ካፌ ተቀምጠናል። እኔ የፔዳ ምሩቅ ነኝ፤ ጋዜጠኝነት ነው ያጠናሁት። አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ ግን የፖሊ ልጅ ነው። (ባሕር ዳር የተማረ ሰው ፔዳና ፖሊ እንዴት እንደሚፎጋገሩ ያውቃል።) እኔ ሐይቁን አያለሁ፣ እሱ ላፕቶፑን። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሥዕል የለው፣ የሚጫን ነገር የለው፤ ፊደል ብቻ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«መሪ ይዣለሁ፤ አታናግሪኝ» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ኖሯል። የሚጠቀምበት መሣሪያ ስሙ ሄልም ነው፤ በእንግሊዝኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው። ሄልም የሚሠራበት ትልቁ ሶፍትዌር ደግሞ ኩበርኔትስ ይባላል፤ በግሪክኛ መርከብ የሚመራው ሰው ማለት ነው። እንግሊዞች መንግሥትን የሚጠሩበት ቃልም በላቲን በኩል ዞሮ የመጣው ከዚሁ ሥር ነው። እኛ ይህን ያህል መዞር አያስፈልገንም። በአማርኛ ሾፌሩ የሚጨብጠውም «መሪ» ነው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውም «መሪ» ነው።

ታዲያ የዚህ መሪ ታሪክ ምንድን ነው? ለእኛስ ምናችን ነው? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ነገሩ ከኮንቴይነር ይጀምራል። እኛ ሠፈር ኮንቴይነር ሲባል ቶሎ የምትታየን ለስላሳና የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት የብረት ሱቅ ናት። ዋናው ኮንቴይነር ግን ዓለምን የቀየረው አፕሪል 26 ቀን 1956 ነው። በዚያ ቀን አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃው በጆንያ፣ በሣጥንና በበርሜል አንድ በአንድ ነበር የሚጫነውና የሚራገፈው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ሲገባ ግን ክሬኑ ውስጡ ያለው ቡና ይሁን ጫማ ማወቅ አያስፈልገውም። ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ አለቀ።

የሶፍትዌር ሰዎችም ተመሳሳይ ራስ ምታት ነበረባቸው። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ እምቢ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዶከር የተባለው መሣሪያ ብቅ ሲል ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ስንቅ አንድ «ኮንቴይነር» ውስጥ ማሸግ ቀላል ሆነ። ግን ኮንቴይነሩ ሲበዛ ማን ይቆጣጠረው? ጉግል በ2014 ኩበርኔትስን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣው ለዚህ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮችን አንድ ላይ አስሮ እንደ አንድ ያሠራቸዋል። «የዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ ይኑር» ካላችሁት አንዱ ሲሞት ሳትነግሩት ሌላ ይተካል። ዓርማው ሳይቀር የመርከብ መሪ ነው።

ችግሩ ኩበርኔትስ ወረቀት ይወዳል፤ እንደ ቀበሌ! አንድ ፕሮግራም ለመትከል ብዙ የመመሪያ ፋይል መጻፍ አለባችሁ። በ2015 ዴይስ የተባለ ኩባንያ ባለሙያዎች ሄልምን ሠሩ። ሄልም እነዚያን ፋይሎች «ቻርት» በሚባል አንድ ጥቅል ያስራቸዋል። ከዚያ ሥራው አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ነው። «ሄልም ኢንስቶል» ካላችሁት ይተክላል። «ሄልም አፕግሬድ» ካላችሁት ያሻሽላል። ከተበላሸባችሁ «ሄልም ሮልባክ» ብላችሁ ወደ ቀድሞው ትመልሱታላችሁ። ጓደኛዬ ሲጽፍ የነበረው ይህንን ነው።

መሪ ሲበላሽ ምን እንደሚከተል ደግሞ የጣና ደንገል ምስክር ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ግብጽ ድረስ ተጫነ፤ «ራ» የተባለችውን ጀልባ በፒራሚዶቹ አጠገብ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1969 ከሞሮኮ ተነሳች። መሪ መቅዘፊያዎቿ ገና በጉዞው መጀመሪያ ተሰበሩ፤ የኋላ ክፍሏም እየሰመጠ ሄደ። ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ብትገፋም ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። ሄየርዳል ግን ስህተቱን አልደበቀም። በ1970 «ራ 2»ን በሌሎች ባለሙያዎች፣ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሰዎች አሠርቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

የሄልም ታሪክም እንደዚሁ ነው። ሁለተኛው ሄልም «ቲለር» የሚባል አገልጋይ ነበረው፤ ቲለር የመሪው እጀታ ነው። ሥራው እንዲቀልለት ብዙውን ጊዜ በሁሉም ነገር ላይ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። ቲለርን ማናገር የቻለ ሰው፣ የራሱ ፈቃድ ትንሽ ቢሆንም፣ በቲለር በኩል ሁሉን ማድረግ ይችላል። ትእዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ አይጣራም፤ የሚፈጽመው እሱ ነዋ! በኖቬምበር 2019 ሦስተኛው ሄልም ሲወጣ ቲለር ጭራሹን ተወገደ። አሁን እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚሠራው በጻፈው ሰው ፈቃድ ልክ ነው። የተደረገውም ለውጥ በተራ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ «ይሄ የኮምፒውተር ልጆች ጣጣ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጓደኛዬ ግን «ፋይዳ አውጥተሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። አውጥቻለሁ፤ ባንኩ ይጠይቃላ! ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በ2018 ሕንድ፣ ቤንጋሉሩ የተጀመረ ሲሆን በይፋ ያወጣው የአተካከል መመሪያ ክፍሎቹን በኩበርኔትስ ላይ በሄልም ቻርት እንዲተከሉ ያደርጋል። የአገራችን የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2023 ወጥቷል። የጣት አሻራችንን የሚጠብቅ ሥርዓት በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሲቆም፣ «ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው? በስሙ ይመዘገባል ወይ? ሲበላሽ ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ?» ማለት የሁላችንም ጥያቄ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጓደኛዬ ትምህርቱን አላቆመም። ቀድሞ ያወረዳቸውን ኮንቴይነሮች ላፕቶፑ ላይ እያስነሳ ይለማመድ ነበር። አዲስ ነገር ግን መትከል አልቻለም፤ ቻርቱም ኮንቴይነሩም የሚመጣው ከውጭ ነዋ። መሪው እጁ ላይ ነበር፤ ጀልባዋ ግን አልሄደችም። ሶፍትዌሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው። ዕቃውን እዚሁ አገር ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ሌላ የቤት ሥራ ነው።

ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ከካፌው ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ በታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ዳር ይቀዝፋል። ጀልባውን የሠራ እጅና የሚቀዝፍ እጅ እዚህ ሐይቅ ላይ አልጠፋም። ጓደኛዬም በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጻፈ። የተበላሸበት ነገር ነበር መሰለኝ፤ «ሮልባክ» ሲል ሰማሁት። ተመለሰለት።

እስቲ ሁሉም መሪ እንዲህ መመለስ ይልመድ። ቸር እንሰንብት።