ባለቤቱ ያልታወቀ ቤት፣ ባለቤት የተገኘለት ዘፈን

በጁን 1964 ኮሎምቢያ የተባለው የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚ «ዘ ሀውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» የተሰኘውን ዘፈን ለገበያ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሸክላው መሐል የተለጠፈው ክብ ወረቀት ዘፋኞቹ «ዘ አኒማልስ» መሆናቸውን ይናገራል። የዘፈኑን ምንጭ በሚመለከት ግን የሚለው አጭር ነው፦ ከጥንት የወረደ የሕዝብ ዘፈን፣ ቅንብር ፕራይስ። ይህችን መስመር ያነበበ ሰው ዘፈኑ ስም ከሌለው ሕዝብ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አንድ ኦርጋን ተጫዋች እጅ የገባ ይመስለዋል። መዝገቡ የሚያሳየው ሌላ መንገድ ነው። በመካከል ስማቸው የሚታወቅ፣ ድምፃቸው የተቀረጸ ሰዎች አሉ።

እስካሁን ከሚታወቁት የጽሑፍ ማስረጃዎች ቀደምቱ የ1925 ነው። ሮበርት ዊንስሎ ጎርደን የተባለ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ «አድቬንቸር» በተባለው መጽሔት በነበረው ዓምድ ላይ ግጥሙን አሳተመ። ጎርደን ከሦስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ ዘፈን ማኅደር የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። በ1933 ደግሞ ክላረንስ አሽሊና ግዌን ፎስተር ዘፈኑን «ራይዚንግ ሰን ብሉስ» በሚል ርዕስ ቮካሊየን ለተባለው ኩባንያ በሸክላ አስቀረጹት። አሽሊ ዘፈኑን የተማረው ከአያቱ መሆኑን ተናግሯል። የአያቱን ድምፅ የቀረጸ ስለሌለ ቃሉን እንደ ምስክርነት ከመመዝገብ ያለፈ ማድረግ አይቻልም፤ ቢያንስ ግን ዘፈኑ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአፓላችያ ተራሮች አካባቢ እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ታሪኩ በሁሉም ዘንድ ተቀራራቢ ነው። አንድ ሰው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ባለ ቤት ሕይወቱ ተበላሽቷል፤ ታናሾቹ የእሱን መንገድ እንዳይከተሉ ይለምናል፤ ራሱ ግን ወደዚያው ይመለሳል። የሚለያየው ተናጋሪው ነው። በአሽሊ አፍ ተናጋሪው ወንድ ነው። በሌሎች ዘንድ ተናጋሪዋ ሴት ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አድማጩ ሳይነገረው ይገባዋል።

ወደ 1937 እንምጣ፤ ዋናው ማስረጃ ያለው እዚህ ነውና። በዚያ ዓመት አላን ሎማክስ የ22 ዓመት ወጣት ሲሆን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይሠራ ነበር። ከባለቤቱ ከኤልሳቤጥ ጋር ሆኖ፣ በመኪናው ከባድ የዲስክ መቅረጫ ጭኖ፣ በምሥራቅ ኬንታኪ የድንጋይ ከሰል መንደሮች ይዞር ነበር። ሴፕቴምበር 15 ቀን ሚድልስቦሮ በምትባል ከተማ ጆርጂያ ተርነርን አገኛት። ሚድልስቦሮ ኬንታኪ ከቴነሲና ከቨርጂኒያ ጋር በሚዋሰንበት ጥግ ያለች የማዕድን ከተማ ናት። ጆርጂያ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ ዕድሜዋ 16 ዓመት ነበረ። ያለ ምንም መሣሪያ በድምፅዋ ብቻ ዘፈነችው። በእሷ ዘፈን ውስጥ ተናጋሪዋ ሴት ናት፤ ሰካራሙም ፍቅረኛዋ እንጂ አባቷ አይደለም።

ሎማክስ በዚያው ጉዞ ዘፈኑን ከሌሎች የኬንታኪ ሰዎችም ቀርጿል፤ ከእነሱ መካከል በርት ማርቲን ይገኝበታል። በ1941 ከአባቱ ከጆን ሎማክስ ጋር ባሳተመው «አወር ሲንጊንግ ካንትሪ» በተባለው መጽሐፍ የጆርጂያን ዘፈን ከማርቲን ባገኘው ተጨማሪ ግጥም አስፍቶ አወጣው፤ የሁለቱንም ስም ጻፈ። ይህን ማድረጉ ሊመሰገንበት ይገባል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰብሳቢዎች የአገሩን ስም ጽፈው የዘፋኙን ይተዉት ነበር። የሎማክስ ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምተርከውን ሰንሰለት ማንም ሊቀጥለው አይችልም ነበር።

ዘፈኑ ከዚያ በኋላ በብዙ አፍ ገባ። ሮይ ኤከፍ በ1938፣ ዉዲ ገስሪ በ1941፣ ጆሽ ዋይትና ሌድ ቤሊ በ1940ዎቹ፣ ጆን ባይዝ በ1960 በመጀመሪያ አልበሟ ዘፍነውታል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን አንድ ቅርንጫፍ ነው። የኒው ዮርኩ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ዴቭ ቫን ሮንክ በትዝታ መጽሐፉ ላይ ዘፈኑን በ1950ዎቹ ሃሊ ዉድ ከተባለች የቴክሳስ ዘፋኝ ቅጂ እንደተማረ፣ እሷም ሎማክስ ከቀረጻት ከጆርጂያ ተርነር እንዳገኘችው በስም ጠቅሶ ጽፏል። ቫን ሮንክ ኮርዶቹን ለወጠ፤ ቤዙ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች እየወረደ ዜማውን እንዲያጨልመው አደረገ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዘፈኑ ስሜት አብዛኛው ከዚህ ለውጥ የመጣ ነው።

በኖቬምበር 1961 የ20 ዓመቱ ቦብ ዲላን የመጀመሪያ አልበሙን ሲቀርጽ የቫን ሮንክን ቅንብር ወስዶ ዘፈነው። ቫን ሮንክ እንደተናገረው ዲላን ፈቃድ ሊጠይቀው የመጣው ከቀረጸው በኋላ ነበር። አልበሙ በማርች 1962 ሲወጣ ቫን ሮንክ የራሱን ቅንብር መድረክ ላይ መዝፈን አቃተው፤ ሰው ሁሉ ከዲላን የሰረቀው ይመስለው ነበርና። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ይኸው ዕጣ በዲላን ላይ ደረሰ። አኒማልሶች ሲያወጡት ዲላንም ከእነሱ የወሰደ እየመሰለ ዘፈኑን ተወው። ቫን ሮንክ ይህን በጸጸት ሳይሆን በደስታ ነው የተረከው።

አኒማልሶች በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ካለችው ከኒውካስል የመጡ አምስት ወጣቶች ነበሩ፦ ዘፋኙ ኤሪክ በርደን፣ ጊታር ተጫዋቹ ሂልተን ቫለንታይን፣ ኦርጋን ተጫዋቹ አላን ፕራይስ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ቻስ ቻንድለርና ድራም መቺው ጆን ስቲል። ዘፈኑን ከየት እንዳገኙት የራሳቸው ምስክርነት ይለያያል። በርደን በኒውካስል ክበብ ውስጥ ከሕዝብ ዘፋኙ ከጆኒ ሃንድል እንደሰማው ተናግሯል። ፕራይስ ደግሞ መነሻው የ16ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ዘፈን ነው ብሏል፤ ለዚህ የሚሆን ሰነድ ግን አልቀረበም። ስቲል የዲላንን አልበም ይጠቅሳል።

እነዚህን ቃሎች ስመዝን ወደ ስቲል አደላለሁ። የባንዱ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላ «ቤቢ ሌት ሚ ቴክ ዩ ሆም» ራሱ ከዚያው ከዲላን አልበም ላይ ካለ ዘፈን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ቫለንታይንም የዲላንን የኮርድ አካሄድ ወስዶ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየነጣጠለ እንደተጫወተው ተናግሯል። በርደን ዘፈኑን አስቀድሞ በኒውካስል ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። የኮርዶቹ አካሄድ ግን ከቫን ሮንክ የወረደ ነው፤ ቫን ሮንክም ራሱ በጻፈው ምስክርነት ወደ ጆርጂያ ተርነር ይመልሰናል።

በሜይ 1964 ባንዱ ከቻክ ቤሪ ጋር እንግሊዝን እየዞረ ይሠራ ነበር። በዚያ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ሁሉም ፈጣን ሮክ ስለሚጫወት እነሱ ዝግ ያለ፣ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን መረጡ፤ ታዳሚውም ወደደው። ሜይ 18 ማለዳ ሊቨርፑል ካቀረቡት ዝግጅት ማግሥት ለንደን ደርሰው ዴ ሌን ሊ ስቱዲዮ ገቡ። ፕሮዲዩሰሩ ሚኪ ሞስት ነበር። ድምፅ አስተካክለው ጥቂት ከተለማመዱ በኋላ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ተጫወቱት፤ የተሸጠውም ያ ቅጂ ነው። ሞስት ሥራው 15 ደቂቃ ብቻ ስለፈጀ እንደ ፕሮዲዩሰር ብዙ ምስጋና እንደማይገባው ራሱ ተናግሯል።

በዚያች አጭር ጊዜ የተሠራውን በጥሞና ማድመጥ ይገባል። የቫለንታይን ጊታር ብቻውን ይጀምራል፤ ከበሮው ምቱን ይዞ ይከተላል። በርደን በዝቅተኛ ድምፅ ተነሥቶ በኋላ ወደ ላይ ሲወጣ ጉሮሮው ይሻክራል። የፕራይስ ኦርጋን ከበስተኋላ ተነሥቶ መሐል ላይ ብቻውን ይነግሣል። ግጥሙም ተለውጧል፦ ተናጋሪው ወንድ፣ ቁማርተኛው አባቱ ሆነዋል። ይህ ሁሉ የአምስት ሰው ሥራ ነው። ኦርጋኑን አውጥቼ ሳስበው ዘፈኑ ይደኸያል፤ የጊታሩን መነሻ ባወጣው ግን ዘፈኑ ራሱ የሚቀር አይመስለኝም።

ዘፈኑ 4 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ይወስዳል። በዚያ ዘመን ሬዲዮ የለመደው ሦስት ደቂቃ ያልሞላ ዘፈን ስለነበር የአሜሪካው አሳታሚ ኤም ጂ ኤም ቆርጦ ወደ 2 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አወረደው። በብሪታንያ በጁላይ ወር፣ በአሜሪካ ደግሞ ከሴፕቴምበር 5 ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት የደረጃ ሠንጠረዡን መራ። በዚያ ዓመት አሜሪካን ካጥለቀለቁት የእንግሊዝ ባንዶች መካከል የቢትልስ እጅ በሌለበት ዘፈን የመጀመሪያውን ቦታ የያዙት አኒማልሶች ናቸው። ስቲል እንደሚተርከው ዲላን ዘፈኑን በመኪና ሬዲዮ ሲሰማ ደንግጦ ከመኪናው ወርዷል። ዲላን በ1965 ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር የዞረበት ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ይሆናል፤ የሕዝብ ዘፈንና ሮክ አብረው ሊሄዱ መቻላቸውን በገበያ ያሳየው ግን ይህ ሸክላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንመለስ። በቅጂ መብት አሠራር የሕዝብ ዘፈን የማንም ሀብት አይደለም። ቅንብሩ ግን እንደ አዲስ ሥራ ሊመዘገብ ይችላል፤ በአቀናባሪነት የተመዘገበውም ሰው ሸክላው በተሸጠና በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የደራሲውን ድርሻ ይወስዳል። በርደን እንደሚለው የአምስቱን ስም ለመጻፍ ወረቀቱ ጠበበ ተብሎ፣ የአላን ስም በፊደል ተራ ቀዳሚ ስለሆነ እሱ ብቻ ተጻፈ፤ ገንዘቡን ይካፈላሉ የሚል እምነት ነበራቸው። ያም ሆነ ይህ ክፍያው በስሙ መጣ። ፕራይስ በሜይ 1965 ባንዱን ለቀቀ፤ በርደንም ይህን ቅሬታ ለአሥርተ ዓመታት በአደባባይ ሲያነሣ ኖረ።

ስለ ቤቱም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው እሱን ነውና። በኒው ኦርሊንስ ኮንቲ ጎዳና «ራይዚንግ ሰን» የተባለ ሆቴል ነበረ፤ በ1822 ተቃጠለ። በ2005 በዚያ ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ሴቶች ፊታቸውን የሚያቀሉበት የሩዥ ማስቀመጫ ስባሪ ተገኘ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ይሁን እንጂ በተቃጠለው ሆቴልና በ1925ቱ የመጀመሪያ ኅትመት መካከል ከ100 ዓመት በላይ አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ሰነድ የለም። አንዳንዶች ማሪያን ስለተባለች የቤቱ እመቤት ይተርካሉ፤ ለእሷም መዝገብ አልተገኘም። ቤቱን ፍለጋ የፈሰሰው ጉልበት እኩሌታው እንኳ ዘፈኑን ላቆዩት ሰዎች ቢውል ኖሮ ብዙ እናውቅ ነበር።

ይህን ሥራ በትጋት የሠራው ጋዜጠኛው ቴድ አንቶኒ ነው። በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ የጆርጂያ ተርነርን ቤተሰብ ፈልጎ አገኘ። ጆርጂያ አግብታ ልጆች ወልዳ ወደ ሚሺጋን ሄዳ ነበር። ከዘፈኑ የደረሳት ክፍያ እጅግ አነስተኛ ነበረ፤ በ1969 በ48 ዓመቷ አረፈች። በዚያን ጊዜ አኒማልሶች ዘፈኑን ለዓለም ካሰሙት አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

በእኔ ፍርድ የ1964ቱ ወረቀት ሁለት ጊዜ ያጎድላል። ከፕራይስ ጎን አራት ጓደኞቹን ያጎድላል፤ «የሕዝብ» በሚለው ቃል ሥር ደግሞ ጆርጂያ ተርነርንና ቫን ሮንክን ይሰውራል። ጆርጂያ ዘፈኑን አልደረሰችውም፤ እሷም ከሌሎች ሰምታዋለች። ነገር ግን ከሚድልስቦሮ እስከ ለንደን ያለው መንገድ በማስረጃ የሚጀምረው ከእሷ ድምፅ ነው። የ1937ቱ ቅጂ ዛሬም አለ፤ ሊደመጥም ይችላል። የአኒማልስን ሸክላ የሚወድ አንባቢ ይህንን ፈልጎ ያድምጥ።