በሞላ ገበያ መራብ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የስኳር በሽታን ስም ያወጣው መልአክ ግን ትንሽ ሳይቸኩል አልቀረም። በእኛ አገር ሰው «ስኳር ያዘኝ»፣ «ስኳር አለብኝ» ይላል፤ ጥፋቱን ሁሉ ስኳሩ ላይ ጥሎ። የእኛ ብቻም አይደለም። የጥንት ሕንዶች ሽንቱ ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውት ነበር። የላቲኑም ስም ማርን ያነሣል። ሁሉም ያዩት በደምና በሽንት የተረፈውን ጣፋጭ ነው። ከውስጥ የተራበውን አካል ያየ ስም የለም።

ነገሩ ግን ረሃብ ነው። የሕመምተኛው ደም በስኳር ተሞልቶ ሳለ ጡንቻው ይራባል። እንዴት ይሆናል? ይህን ለመረዳት የወሎን ሰው የሚቀድመው የለም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር። ይህን በአኀዝ አስደግፎ ያሳየን ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የደሴን የእህል ዋጋ መርምሮ፣ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ እንኳ ዋጋው ያን ያህል እንዳልናረ አመለከተ። በወሎ ምርት መውደቁ እውነት ነው። ሆኖም ማሳው የደረቀበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ኪሱ ባዶ ስለሆነ ገዢ ሆኖ ገበያ አልወጣም። ገዢ ከሌለ ደግሞ ዋጋ ምን ብሎ ይንራል? ጭራሽ ከወሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሄደ እህል ነበር። የእህል መኖር ሌላ፣ ከሰው አፍ መግባቱ ሌላ!

የሰውነታችንም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። አማርኛችን ቆሽትን የሚያውቀው በንዴት ነው፤ የተበሳጨ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1889 ግን ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ስትራስቡርግ ላይ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ፣ ውሻው በስኳር በሽታ ተያዘ። ቆሽት አንድ ነገር ያመነጫል ማለት ነው። ነገርየውን ለማውጣት ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1921 ባንቲንግና ቤስት ቶሮንቶ ውስጥ በፕሮፌሰር ማክሊዮድ ቤተ ሙከራ አወጡት፤ ኮሊፕ አጣራው። በ1922 መጀመሪያ ላይ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ። ከዚያ በፊት የነበረው «ሕክምና» ምን መሰላችሁ? ማስራብ! ልጁ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር የመጣው። መርፌው ከ10 ዓመት በላይ ዕድሜ ጨመረለት። የግኝቱ ባለመብቶችም መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት።

ኢንሱሊን እንደሚያድን ታወቀ። እንዴት እንደሚያድን ግን ገና ነበር። ብዙዎች ኢንሱሊንን በሴሉ ውስጥ ስኳሩን የሚያነድ ክብሪት አድርገው ያስቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ቺካጎ ላይ ራክሚኤል ሌቪን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ብልሃት ዘየደ። ጋላክቶስ የሚባለውን፣ ጡንቻ የማያነደውን ስኳር መረጠ። ሆድ ዕቃቸውና ኩላሊታቸው በወጣ ውሾች ደም ውስጥ ጨመረው። ኢንሱሊን ሲሰጣቸው ጋላክቶሱ ከደማቸው ቀነሰ። አልነደደ፣ በሽንት አልወጣ፤ ታዲያ የት ሄደ? ሴል ውስጥ ገባ! ኢንሱሊን እሳት ለኳሽ ሳይሆን በር ከፋች ነው።

በሩንም ቆየት ብለው ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1980 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች በስብ ሴል ላይ እንዳሳዩት፣ ስኳር አሻጋሪዎቹ ፕሮቲኖች ሴሉ ውስጥ ተከማችተው ይቆያሉ። ኢንሱሊን ከውጭ ሲያንኳኳ ወደ ሽፋኑ ወጥተው ስኳሩን ያስገባሉ። ዋናው አሻጋሪ «ግሉት 4» ተባለ፤ በጡንቻም ውስጥ ያለው እሱ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚያንኳኳ የለም። በሁለተኛው ዓይነት አንኳኪው አለ፤ ጡንቻው ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፣ ቆሽትም ሲታገል ኖሮ ይደክማል።

ደግነቱ ጡንቻ ሌላም ደወል አለው። ሲሠራ፣ ሲኮማተር፣ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ አሻጋሪዎቹን ራሱ ይጠራቸዋል። ይህ መንገድ በሁለተኛው ዓይነት ሕመምተኛም አይዘጋም። ከእንቅስቃሴው በኋላም ለሰዓታት የኢንሱሊንን ድምፅ የተሻለ ይሰማል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በጦሳ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። የፒያሳና የሰኞ ገበያ ሰው በእግሩ የሚወጣውን ዳገት ሁሉ ድህነት ብሎ ይቆጥረው ነበር፤ ለካ ደወል ሲደውል ኖሯል። ዛሬ ባጃጅ አለ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ደግሞ መንገዱ ሜዳ፣ ሥራው በወንበር፣ ሻዩ በሦስት ማንኪያ ስኳር የሆነለት ብዙ ነው።

ይህን ያነበበ ግን «እንግዲያው መርፌው ይቅርብኝ፣ እራመዳለሁ» እንዳይል! ቆሽቱ ኢንሱሊን ለማያመነጭ ሰው እግር መርፌን አይተካም፤ መርፌውን ጥሎ መራመድ ወደ ሞት መራመድ ነው። «መርፌ ከተጀመረ አለቀ» የሚለው ወሬ ስንቱን እንደበላ ቤት ይቁጠረው። መርፌው ዘግይቶ ተጀምሮ ሰው ሲሞት፣ የተወቀሰው መዘግየቱ ሳይሆን መርፌው ሆነ። ጠበሉንም ዱዓውንም ማን ከለከለ? ከመርፌው ጋር ይሁን ነው የምንለው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ ደግሞ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላልና ከረሜላ ከኪሱ አይለይ።

መርፌው ራሱ መንገድ ይፈልጋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ቆየ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በዚያው ጦርነት የመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችም ኢንሱሊን አለቀብን ብለው ለዓለም ጮኸዋል። ኢንሱሊን ለወራት ሲቀመጥ ቅዝቃዜ ይሻል፤ መብራት ሲጠፋ ይበላሻል፤ ሲቋረጥ ደግሞ የሚጠብቅ በሽታ የለውም። እርጥብ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የሸክላ ማሰሮ ከሙቀት ትንሽ ያስጥላል፤ የተዘጋ መንገድን ግን አይከፍትም።

በዓለም ገበያ ኢንሱሊን ሞልቷል። መቶ ዓመት አልፎታል፤ ባለመብቶቹም በአንድ ዶላር ለቀውታል። ደሴ ገበያም በ1966 እህል ነበረው። ያኔ «እህል አለ» ማለት ሰው እንደማያድን ወሎ በልጆቿ ነፍስ ተምራለች። «መድኃኒቱ አለ» ሲባልም ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ከሰውየው ክንድ እስኪደርስ ድረስ በሩ ተከፍቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባታል።