ከአይሳኢታ እስከ ሰመራ

ወጣቶች፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የአፋር ምድር በንጉሡ ዘመን አንድ አስተዳደር አልነበረውም። ሕዝቡ በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በትግራይ፣ በሸዋና በኤርትራ ተከፋፍሎ ይተዳደር ነበር። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በ1967 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ተጋጭተው ተሰደዱ፤ በ1983 ተመለሱ። በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎች ሲቋቋሙ፣ አፋርም የራሱን መስተዳድር አገኘ። ልጆቻቸው ሐቢብና ሐንፈሬ በተከታታይ መሩት። መቀመጫው አይሳኢታ ነበር፤ ኋላ ወደ ሰመራ ተዛወረ።

የአዲሱ መስተዳድር ፈተና ግን የመቀመጫ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አርብቶ አደሩ ግጦሽና ውኃ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል፤ ቢሮ ግን አንድ ቦታ ይቆማል። ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው እንዴት ይድረሱት? ሥልጣን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ካለበት መድረስ ሌላ። ነገ ኃላፊነት ስትቀበሉ የምትመዘኑት በሁለተኛው ነው።