ሻንጣ ውስጥ የተገኘው ዘውድ

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በቀደም አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ቦርሳ ውስጥ የሰው ሞባይል ተገኘ። ሜዳ ላይ ወድቆ አግኝቶት 9 ቀን አስቀምጦታል። «ለምን ቢሮ አላስረከብክም?» አልኩት። «ቲቸር፣ ቢሮ ብሰጠው እዚያው ይቀራል ብዬ ነው። ባለቤቱን ራሴ ልፈልግ ነበር» አለኝ። ተቆጣሁት። ሌባ ሁሉ የሚለው ይሄንኑ ነው አልኩት፣ በጓደኞቹ ፊት። ማታ ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ልክ እንደዚህ ልጅ ያሰበ፣ እኔ ደግሞ በየክፍሉ እንደ ጀግና የማወራለት ሰው አለና።

ሰውየው አቶ ሲራክ አስፋው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።) በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በዚያ በደም ዘመን ከአገር ተሰዶ ኔዘርላንድ ገባ፣ ሮተርዳም ኖረ። ቤቱ ለሐበሻ ሁሉ ክፍት ነበር፤ የመጣው ያድራል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። በ1998 ታዲያ ከእንግዶቹ በአንዱ ሻንጣ ውስጥ አንድ ነገር አየ። ዘውድ! በወርቅ የተለበጠ፣ ሥላሴና ሐዋርያት የተቀረጹበት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ። ከመቀሌ በስተ ደቡብ ካለችው ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ነው። ለቤተ ክርስቲያኗ የሰጡት ታላቁ የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ እንደሆኑ ይታመናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጠፍቶ ተፈልጎ ነበር፣ ሌባው ግን አልተያዘም።

ሲራክ ዘውዱ ከቤቴ አይወጣም፣ ከወጣም ወደ አገሩ ነው አለ። ተጨቃጨቁ፣ ዘውዱ እሱ ጋ ቀረ። ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ለማን ይስጠው? ለኔዘርላንድ ፖሊስ ቢሰጥ እዚያው ይቀራል ብሎ ሰጋ። በወቅቱ ለነበረው ለኛ መንግሥት ቢሰጥ ደግሞ እንደገና ይጠፋል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ደበቀው። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አይደለም፣ 21 ዓመት!

አሁን ሕጉን እንየው። በኔዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው የሌላውን ዕቃ፣ የራሱ እንዳልሆነ እያወቀም ቢሆን፣ እንደ ባለቤት 20 ዓመት ይዞ ከቆየ ባለቤትነቱ ወደ እሱ ሊዞር ይችላል። የኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤቱ ዕቃው የት እንዳለ ሳያውቅ 10 ዓመት ከቆየ መብቱን ያጣል ይላል። (የቅርስ ሕጋችን ለብቻው ነው፤ ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅና ማስረከብ አለበት።) እንግዲህ 1998 ላይ 20 ደምሩ። 2018 ይመጣል። ሲራክ ዝም ብሎ «የኔ ነው» ቢል ኖሮ ቢያንስ ፍርድ ቤት የሚያከራክር ነገር በእጁ ነበረው ማለት ነው።

ሆኖም እዚያው ሕግ ውስጥ ቁልፍ ነገር አለ። ለራሱ የያዘና ለሌላ ሰው የያዘ እኩል አይደሉም። ለሌላ የያዘ መቶ ዓመት ቢይዝም ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ዕቃው ያው፣ የተቀመጠበት ቤት ያው፣ ዝምታውም ያው። ልዩነቱ ሰውየው ለማን ብሎ እንደያዘው ነው። ይህን ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማን ያየዋል? በ2005 ፖሊስ ቤቱን ፈትሾ ዘውዱን ቢያገኘው ኖሮ ሲራክ ምን ብሎ ያስረዳ ነበር? ያኔ ከሌባ የሚለየው ማስረጃ ምን ነበረው? ይሄ ነገር እውነቴን ነው፣ ያስደነግጠኛል።

በዚያው ሰሞን የሆነ ሌላ ነገር አለ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1997 ተሰርቆ ቤልጅየም አንድ ሰብሳቢ እጅ ገባ። በ2001 ሲመለስ ሰውየው ወደ 25,000 ዶላር ካሳ አግኝቷል፤ ገዝቼዋለሁ ነዋ! የገዛ ሰው ቢያንስ የሚያሳየው ደረሰኝ ይኖረዋል። ወድቆ ያገኘ ሰው ያለው ቃሉ ብቻ ነው።

ወደ ሲራክ ልመለስ። ከ2018ቱ ለውጥ በኋላ ጊዜው ደረሰ ብሎ አርተር ብራንድ የተባለውን የጠፉ የጥበብ ሥራዎች አፈላላጊ አነጋገረ። በ2019 ዓለም ሁሉ ሰማ። በየካቲት 2020 ዘውዱ አዲስ አበባ ገብቶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሰጠ። ሁላችንም አጨበጨብን። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ የዘውዱ አገር ትግራይ ጦርነት ገባች፤ የቤተ ክርስቲያን ቅርሶችም ከተዘረፉት ውስጥ ነበሩ። ሰው ያኔ በ1998 ቢመልሰው ይሻል ነበር ወይ ሲለኝ መልስ የለኝም። የጨለቆት ካህናት ግን እነዚያን 21 ዓመታት ዘውዳቸው ይኑር ይጥፋ ሳያውቁ ነው ያሳለፉት። ሲራክን ስናሞግስ ይህቺን ዋጋ ማን እንደከፈላት እንረሳለን። እኔም ክፍል ውስጥ ረስቼያት ነው የኖርኩት።

እና ልጁስ? ሰኞ ዕለት ሄጄ ጠየቅኩ። ሲም ካርዱ አልወጣም፣ ስልኩ ግን ተዘግቶ ነበር። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «አዎ፣ ስልክ የጠፋበት አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ስንት ያወጣል ነው ያለኝ» አለ። የስልኩ ባለቤት አንዲት ልጅ ናት፤ 9 ቀን ሙሉ እናቷን ፈርታ ስታለቅስ ነበር አሉ። ስለ ቢሮው ያለው ደግሞ፣ ላፍርበት እንጂ፣ ውሸት አይደለም። አምና የተሰጠ ካልኩሌተር እስከዛሬ አልተገኘም።

ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፣ ቃሌን በጽሑፍ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። «ሰረቀ» የሚለውን ሰርዤ «አግኝቶ አቆየ» ብዬ ጽፌያለሁ። በጓደኞቹ ፊት ሌባ ስላልኩትም እዚያው ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እኛ ትምህርት ቤት አግኝታችሁ ያስረከባችሁት፣ ለባለቤቱ ሳይደርስ የቀረ ነገር ካለ እስከ ረቡዕ ማታ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ኮሚቴው ፊት ይዤው እገባለሁ።